ለድርቆሽ ጎጆ የተመረጠ ጥይት

መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነበር። ክርርር… ቀጭ። ትንሽ ዝምታ። እንደገና ክርርር… ቀጭ። ጉሙ ከሐይቁ ተነስቶ መንገዱን ሲሸፍነው ቤቱም አይታይ፣ አጥሩም አይታይ፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ ግን ነሐሴ ማለቁን ያውቃል። ጋሼ ጉድሙንድ ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ የጥይት መሙያ ብረቱን እጀታ ወደ ታች እየሳበ፣ ለመንደሩ አዳኞች ጥይት እየሞላ ነው ማለት ነው።

በእኛ በሰሜኑ አገር ነሐሴ የበጋ መጨረሻ ነው፤ ልጅ ሳለሁ በጋን የሚዘጋው በር እሱ ይመስለኝ ነበር። ክርርር ሲል በሩ ይዞራል፣ ቀጭ ሲል ይቆለፋል። ከዚያ ወዲያ የበርች ዛፉ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ አባቴ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸተውን ካፖርቱን ከቆጡ ያወርዳል፤ እናቴ ስስ ቂጣ በቅቤ ጠቅልላ ኪሱ ውስጥ ትከትለታለች። አሁን ያ ምድር ቤት ጸጥ ብሏል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ነሐሴ ሲያልቅ በዚያ መንገድ ሳልፍ እርምጃዬን ቀነስ አደርጋለሁ፤ ምናልባት ብዬ።

የማወራችሁ ካፖርቱን የሚያወርድ ሰው ስላልነበረበት መስከረም ነው። አባቴ ቱሬ ከዚያ በፊት በነበረው መጋቢት፣ የጣሪያ በረዶ ሲያወርድ፣ ልቡ ቀጥ አለች። ጠመንጃው ለእኔ ደረሰ። ቦታውም ደረሰኝ፤ ቢያንስ ለሙከራ።

ስለ ቦታው ልንገራችሁ። ኤልግን፣ ያንን ከፈረስ የሚገዝፍ ባለ ሰፊ ቀንድ አጋዘን፣ እኛ የምናድነው በቡድን ነው። መሪያችን ሄድቪግ ግራጫ ውሻዋን ይዛ ጫካ ትገባለች፤ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን በተሰጠን ቦታ ቆመን እንጠብቃለን። በእርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ስሙ የተጻፈበት አንድ ሚስማር አለ፤ በሚስማሩ ላይ የሚቆምበት ቦታ ስም በጋለ ብረት የተተኮሰበት ትንሽ ሳንቃ ይንጠለጠላል። ጠዋት ሳንቃህን ኪስህ ከተህ ትወጣለህ፣ ስትመለስ ትሰቅለዋለህ። ባዶ ሚስማር ከታየ አንድ ሰው ጫካ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ሚስማሩ የሰው ነው፣ ሳንቃው የቦታ።

የአባቴ ሳንቃ «ድርቆሽ ጎጆ» ይላል። ድሮ ድርቆሽ ይከተትበት የነበረ የግንድ ጎጆ አጠገብ ነው። የጋሼ ጉድሙንድ «ጠባቡ» ነው፤ ረግረጉና ገደሉ ጫካውን ከሁለት በኩል አንቀው የያዙበት፣ አውሬ ሁሉ ከቅርብ የሚያልፍበት። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፤ አባቴና ጋሼ ጉድሙንድም ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚያው ኖሩ፣ ሳይተያዩ አንዱ የሌላውን ተኩስ እየሰማ።

ሕጉ ቀላል ነው። አዲስ ሰው በመጀመሪያው መስከረም አውሬ ካቆሰለ ወይም ከሳተ፣ ሳንቃው ከሚስማሩ ይወርዳል። የእኔ ከወረደ ደግሞ የት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሲክስተን ከከተማ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስሙ ያለበት ሚስማር አለው፣ የራሱ ቦታ ግን የለውም፤ የታመመ ሰው ሳንቃ እየያዘ ይወጣል። በድርቆሽ ጎጆ ላይ ከቀብሩ ጀምሮ ዓይኑን ጥሎበታል። ክፉ ሰው ነው አልልም። ቦታ የሌለው ሰው ነው።

ያን ቀን ድምፁን ተከትዬ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ።

«ግባና በሩን ዝጋ፤ ባሩድ ላይ ነፋስ አታስገባብኝ» አለ ጋሼ ጉድሙንድ ቀና ሳይል።

«እኔ መሆኔን በምን አወቅህ?»

«የቱሬ ዘር ደረጃ ሲወርድ እንደ ላም ነው።»

የመስኮቱ ደፍ ላይ ከእርድ ቤት የተለቀሙ አረሮች ተደርድረዋል። ወደ አውሬው ሲሄዱ ሹል ወይም ድቡልቡል የነበሩ፣ ከአውሬው ሲወጡ እንደ እንጉዳይ የተከፈቱ። አንዱን አንስቶ መዳፌ ላይ አኖረው።

«ይሄ ያባትህ ነው። ያ ቀንዱ የተሰበረው ኤልግ የወደቀበት፣ አንተ የተወለድክ ሰሞን። ይሄም ያባትህ። ይሄ የእኔ ነው፣ ዝናብ ነበር።» ከዚያ የክብሪት ቀፎ ከፍቶ አሳየኝ። ውስጡ የብረት ፍርፋሪ ብቻ ነው። «ይሄ ደግሞ አምና ሲክስተን በዚያ በፈጣን ጥይቱ የተኮሰው ነው። ከኤልጉ ትከሻ ውስጥ በወረንጦ ለቀምነው። ሥጋው ከመቆሸሹ የተነሳ ውሻዋ እንኳ አሽትታ ተወችው።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ ስለ ጥይት ሲያወራ ቀልዱንም በቁም ነገር ነው የሚያወራው።

«ሰው ጥይት ሲመርጥ ስለ አውሬው ያስባል» አለ። «ስንት ይመዝናል፣ ቆዳው ምን ያህል ይወፍራል ይላል። ኤልግ ግን የትም ኤልግ ነው። የሚለያየው በአንተና በእሱ መካከል ያለው ነገር ነው። ጥይት የሚመረጠው ለቦታው ነው፣ ገባህ? የአባትህን ጥይት የመረጥኩት ድርቆሽ ጎጆ ራሴ ቆሜ ነው። እዚያ ኤልጉ ከጥዱ መሀል ሲወጣ ትንፋሹ ይሰማሃል። ፈጣን ጥይት እዚያ ምን ያደርግልሃል? ቅርንጫፍ ሲነካው ይስታል፣ አጥንት ሲነካው ይበተናል። ከባድ፣ አፍንጫው ክብ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው የሚፈለገው። እንደ ሽማግሌ። አይቸኩልም፤ ከደረሰ ግን አይመለስም።»

የሞላውን አንዱን ጥይት ከመሙያው አውጥቶ በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ። ከበደኝ። የአባቴን እጅ የጨበጥኩ መሰለኝ።

አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። በበረዶው ወራት የጫካው ባለቤቶች በትልልቅ ማሽን ድርቆሽ ጎጆ ፊት ያለውን ጥድ በሙሉ ቆርጠውታል። ጋሼ ጉድሙንድ ማሽኑን ሳይሰማ አልቀረም፤ ጩኸቱ እስከ መንደሩ ይደርስ ነበር። ከአባቴ ቀብር ወዲህ ግን ወደዚያ በኩል እግሩን አላነሳም።

«ጋሼ፣ እዚያ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሳሳ አድርገውታል ይላሉ» አለና እጀታውን ሳበ። ክርርር። «ጫካ ይሳሳል፣ ያድጋል።» ቀጭ።

የጀመርኩትን ሳልጨርስ የሞላልኝን ጥይት በሙሉ ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የዒላማው ቀን መጣ። በሐዲድ ላይ የሚሮጥ የእንጨት ኤልግ አለን፤ እሱን ያልመታ ጫካ አይገባም። እኔ በክቡ ጥይት ተኩሼ ሁሉንም ልቡ ላይ አሳረፍኩ።

«ነፍስ ይማር!» አለ ሲክስተን ኮፍያውን አውልቆ። «ለእንጨቱ ሚስት ማን ሊያረዳ ነው? ስማ አንተ ህልመኛ፣ ጫካ ውስጥ ደመና ስትቆጥር ኤልጉ እግርህን ረግጦህ እንዳያልፍ።»

«ከረገጠኝማ ቅርብ ነው። አልስተውም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሲክስተንም ሳቀ። ሄድቪግ ግን ክንዴን ይዛ ወደ መኪናዋ ወሰደችኝ። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን ሐይቅ ያሻግራል፤ ያን ጊዜ ግን ዝቅ አድርጋ ነበር የተናገረችው።

«ጋሼ ጉድሙንድ በሞላው ነው የተኮስከው?»

«አዎ፣ በአባቴ ዓይነት።»

«ይሄ ዒላማ ቅርብ ነው። ድርቆሽ ጎጆን ከተቆረጠ ወዲህ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ጋሼ ጉድሙንድስ?»

የእንጨቱን ኤልግ ማየት ጀመርኩ። ከመኪናው አንድ ፓኮ አውጥታ እጄ ላይ አኖረች። አረሮቹ ሹል፣ ሙሉ በሙሉ መዳብ፣ እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያብለጨልጩ ናቸው።

«ይሄ ሩቅ ይሄዳል፣ ሳይወርድ ይሄዳል። ከመረጥከው ዛሬውኑ የጠመንጃውን መነጽር አስተካክልበት። ሁለቱን ደባልቀህ እንዳትይዝ፤ አንድ ጠመንጃ ሁለት ዓይነት ጥይት ወደ አንድ ቦታ አይልክም።»

«ካልመረጥኩትስ?»

«ካልመረጥከው ቅርብ የመጣልህን ብቻ ትተኩሳለህ። እዚያ ደግሞ አሁን ቅርብ የሚመጣ የለም።» ፓኮውን ጣቶቼ ላይ ጫን አደረገችው። «አልቫር፣ ብታቆስል ሳንቃውን የማወርደው እኔ ነኝ። ቱሬን እወደው ነበር ብዬ ሕግ አልለውጥም።»

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ሁለቱን ጥይቶች ጎን ለጎን አቁሜ ተቀመጥኩ። ሹሉ ላይ ፀሐይ ስታርፍ ብልጭ ይላል። ክቡ ፀሐይዋን ውጦ ዝም ይላል። እናቴ ድስት እያጠበች አየችኝ።

«ምን ታያለህ?»

«እየመረጥኩ ነው።»

«አባትህ ለመምረጥ ይሄን ያህል የቆየው እኔን ሲያገባ ብቻ ነው» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ውኃው መለሰች።

ሹሉ ትክክል እንደሆነ አውቅ ነበር። እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። ግን ድርቆሽ ጎጆን የምፈልገው የአባቴ ስለሆነ ነው፤ ክቡንም ጥይት የምፈልገው የአባቴ ስለሆነ ነው። ወይ ቦታውን ወይ ጥይቱን ምረጥ የሚል ነገር ይመጣል ብዬ ማን አሰበ? ሹሉን ወደ ፓኮው መለስኩት። መነጽሩን አልነካሁትም። ምናልባት ቅርብ ይመጣ ይሆናል አልኩ። ምናልባት።

መስከረም ሲጠባ፣ በመጀመሪያው የአደን ጠዋት፣ ሳንቃዬን ከሚስማሩ አውርጄ ወጣሁ። ጎጆው ራቁቱን ቆሟል። ከጥዱ ጥላ ውስጥ ሳውቀው ትልቅ ይመስለኝ ነበር፤ ሰማይ ከላዩ ሲገለጥ አንሶ አንሶ የዶሮ ቤት መሰለ። ድሮ እዚያ አንድ ጉቶ ብቻ ነበር፣ አባቴ የሚቀመጥበት። አሁን እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ ጉቶ ነው፤ የእሱ የቱ እንደሆነ መፈለግ ነበረብኝ። በመጨረሻ የፔርሙዙ ክዳን ባሳረፈው ክብ ምልክት አወቅሁት። ተቀመጥኩበት። ቂጣዬን በላሁ። ስለ አባቴ ጀርባ አሰብኩ፤ ልጅ ሆኜ ከኋላው ስቀመጥ ካፖርቱ ጫካውን ሁሉ ይሸፍንብኝ ነበር፤ አደን ማለት ለእኔ ያ ጀርባ ነበር።

ውሻዋ ጮኸች። ሩቅ ነው፣ ከኮረብታው ጀርባ። ጩኸቷ አንድ ቦታ ቆመ፣ ከዚያ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ወደ እኔ በኩል ዞረ።

«ተነስቷል» አለች ሄድቪግ በሬዲዮ፣ እየሮጠች። «ትልቅ ወንድ ነው። ወደ ድርቆሽ ጎጆ።»

ወጣ። ግን ከተቆረጠው መሬት ማዶ፣ ለዘር ከተተወችው አንድ ጥድ ሥር ነው የወጣው። ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ቀንዱ ላይ የረግረግ ሣር ተንጠልጥሎበታል። ጆሮውን ወደ ውሻዋ አዞረ። ጊዜ ነበረው፤ እኔም ጊዜ ነበረኝ። በመነጽሩ ውስጥ የትከሻውን ፀጉር አየሁት።

ጥይቱ እዚያ ሳይደርስ እንደሚወርድ አውቃለሁ። ምን ያህል? አንድ ስንዝር? ሁለት ስንዝር? የመነጽሩን መስቀል ከጀርባው በላይ ከፍ አድርጌ ብተኩስ፣ ግምቴ ልክ ከሆነ ቦታው የእኔ ነው፤ የሲክስተን አፍ ይዘጋል፤ አባቴም በሆነ መንገድ ያያል። ግምቴ ከተሳሳተ አንጀቱ የተቀደደ እንስሳ እግሩን እየጎተተ ረግረግ ይገባል። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር። ምላጩ ቀዝቃዛ ነበር። ጋሼ እንደ ሽማግሌ ነው ብሎኝ የለ? ሽማግሌን ሩጥ አይሉትም።

ጣቴን አነሳሁ። ኤልጉ ትንሽ ቆየና፣ እንደተሰናበተ ሰው ቀስ ብሎ፣ ወደ ጠባቡ ወረደ።

«ድርቆሽ ጎጆ፣ አልመጣልህም?» አለች ሄድቪግ።

«መጥቷል። አልተኮስኩም።»

«ህልመኛው ተኝቷል! አላልኳችሁም?» አለ የሲክስተን ድምፅ።

ያን ጊዜ ከጠባቡ በኩል አንድ ተኩስ ተሰማ። አንድ ብቻ፤ ድፍን ያለ፣ ከባድ በር እንደተዘጋ። ውሻዋ ዝም አለች።

ኤልጉን በትራክተር ለማውጣት ሌላ መንገድ የለም፤ በድርቆሽ ጎጆ በኩል ነው። ጋሼ ጉድሙንድ ከትራክተሩ ኋላ ጠመንጃውን አንግቶ በእግሩ ይመጣ ነበር። ጫካው ያለቀበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ትራክተሩ አለፈ፣ ሰዎቹም አለፉ፤ እሱ ቆሞ ቀረ። ተመልሼ አጠገቡ ሄድኩ። ጎጆውን አየ። ጉቶዎቹን አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚቆጥር ይመስል።

«የት ጋ ነበር የቆመው?» አለኝ በመጨረሻ።

«እዚያ፣ ብቻዋን ያለችው ጥድ ጋ።»

ረጅም ጊዜ ወደዚያ ተመለከተ።

«የያዝከው የእኔን ጥይት ነበር።»

«የያዝኩት የአባቴን ጥይት ነበር።»

ኮፍያውን ወደ ግንባሩ አወረደና ትራክተሩን ተከተለ። 

እርድ ቤቱ ውስጥ በሬ የሚያክለው ኤልግ ተሰቅሎ ቆዳው ሲገፈፍ፣ ሄድቪግ በማዶ ጎኑ፣ ከቆዳው ሥር አረሩን አገኘችው። እንደ እንጉዳይ ተከፍቷል፣ ከአካሉ ግን የጎደለ የለም። በውኃ አጥባ ለጋሼ ጉድሙንድ ሰጠችው፤ እሱም ሳያየው ኪሱ ከተተው። ሥጋው ንጹሕ ነበር። አንድ እፍኝ እንኳ አልተበላሸም።

«እሺ፣ አሁን እንነጋገር» አለ ሲክስተን ቢላዋውን እየጠረገ። «አውሬ ከፊቱ ቆሞ የማይተኩስ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? ጉቶ ያሞቃል?»

«አላቆሰለም፣ አልሳተም» አለች ሄድቪግ። «ሕጉ አይነካውም። ቦታው የእሱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ነገ ግን ሹሉን ይዘህ ና። አለዚያ ወቅቱን ሙሉ ኤልግ ስትሸኝ ትከርማለህ።»

ሁሉም ሳቁ፣ ክፋት በሌለው ሳቅ። እኔ ሳንቃውን ከኪሴ አወጣሁ። «ድርቆሽ ጎጆ» ይላል፤ የፊደሉ ጠርዝ በአባቴ አውራ ጣት ተልጧል። ጎጆው አለ፣ ጉቶው አለ፣ ስሙ አለ። እሱ ያወቀው ቦታ ግን የለም። ያ ቦታ የቀረው ጥይቱ ውስጥ ነው።

ሄጄ ሳንቃውን የሲክስተን ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

«ምን ማለት ነው?» አለ ሲክስተን።

«የአንተ ጠመንጃ እዚያ ይደርሳል።»

ቀልድ ጠፋበት። ቢላዋውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ሳንቃውን ሊነካው እጁን ዘርግቶ መልሶ አወረደው። «እኔ እኮ… ዝም ብዬ ነው የምናገረው፣ ታውቀኛለህ» አለ።

«አውቃለሁ። ያዘው።»

«አንተስ? የት ልትቆም ነው?» አለች ሄድቪግ።

«እንጃ።»

የእኔ ሚስማር ባዶ ነበር። አባቴ የመታው ሚስማር ነው፤ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ። ሁሉም አዩትና ወደ ሥጋው ተመለሱ።

ጋሼ ጉድሙንድ ጥግ ላይ ባለው ቧንቧ እጁን ይታጠብ ነበር። ቀስ ብሎ ታጠበ፣ ጣት በጣት። በጨርቅ አደረቀ። ከዚያ ከደረት ኪሱ ሳንቃውን አወጣ፤ «ጠባቡ» የሚለውን። የራሱን ሚስማር ባዶውን ትቶ አለፈው። የእኔ ሚስማር ጋ ቆመ፣ ሳንቃውን ሰቀለው፣ እንዳይዛነፍ በጣቱ አቃናው።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ያንተ ሚስማር አይደለም» አለ ሲክስተን፣ በቀስታ።

«ጋሼ ጉድሙንድ?» አለች ሄድቪግ።

ጠመንጃውን ከግድግዳው አነሳ። የሥጋ ድርሻውን ከጠረጴዛው ላይ አልወሰደም። ወደ እኔም ወደ ማንም አላየም። ዕድሜውን ሙሉ «በሩን ዝጋ፣ ነፋስ አታስገባ» ሲል የኖረው ሰው፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ትቶት ወጣ።